ቀን ዘጋቢ ፊልም፣ ሌሊት ልብ ወለድ

የዛሬዋ ጠያቂዬ ደብዳቤዋን «የሁለት ሥራ ሰው» ብላ ፈርማለች። ደብዳቤው ረጅም ነው። ማንነቷን የሚጠቁመውን አውጥቼ፣ አሳጥሬ ላቅርበው።

«36 ዓመቴ ነው። 11 ዓመት ሙሉ መንፈሳዊ ዘጋቢ ፊልም ስሠራ ኖሬያለሁ። አማኝ ነኝ። ሥራው መተዳደሪያዬም አገልግሎቴም ነው። ባለፈው ዓመት ቤተ እምነታችን ስለ ፈውስ ፊልም አሠራኝ። ከሕመሙ ተፈወሰ የተባለ አንድ ሰው ቀረጽኩ። ካሜራው ፊት ተቀምጦ ‹ሕመሙ አሁንም አለ፤ ፍርሃቱ ግን ሄዷል› አለኝ። በጣም ወደድኩት። ሥራውን የሚከታተሉት ኃላፊ ግን አልወደዱትም። ‹ድኛለሁ ይበል፤ ሰው የሚጠብቀው እሱን ነው› አሉኝ። ሰውየውን ድጋሚ አስቀመጥኩት። ‹ድኛለሁ› አለ። እኔም ያንኑ አስገባሁት። ፊልሙ በጣም ተወደደ። ከዚያ ወዲህ ግን ካሜራ ስይዝ እጄ ይከብደኛል።

»ሌሊት ሌሊት ልብ ወለድ እጽፋለሁ። 340 ገጽ ደርሷል። ዋናው ገጸ ባሕርይ ሰው ሁሉ ድምፁን የሚወድለት፣ ብቻውን ሲሆን ግን መጸለይ ያቃተው ሰባኪ ነው። እውነቱን ልናገርና፣ ያንን ኃላፊ ነው የጻፍኩት። አነጋገሩን፣ ሳሉን፣ መነጽሩን አውልቆ የሚጠርግበትን ሁኔታ ሳይቀር። መጽሐፉ ቢታተም ከእንግዲህ ሥራ የሚሰጠኝ አይኖርም። ከእናቴ በቀር የሚያውቅ የለም። እሷም ‹ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም› ትለኛለች። ይህን መጽሐፍ መጻፌ ክህደት ነው? በብዕር ስም ላውጣው? ወይስ ፊልሙን ትቼ ቁጭ ብዬ ልጻፍ? አንድ ገጽ አያይዤልዎታለሁ።»

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ገጹን ደግሞ ሦስት ጊዜ። ስለ ገጹ መጨረሻ ላይ እነግርሻለሁ።

መጀመሪያ «ክህደት» የሚለውን ቃል እናንሳው። መጽሐፉ ክህደት አይደለም። መጸለይ ያቃተውን ሰው መጻፍ እምነትን መካድ ከሆነ፣ መጽሐፈ ኢዮብን ምን ልንለው ነው? «አምላኬ አምላኬ ለምን ተውኸኝ» የሚለው ጩኸት የተጻፈው በመዝሙረ ዳዊት ውስጥ ነው። ከእምነት ውጭ ያለ ሰው አልጻፈውም። ጭንቀቱን ደፍሮ የሚናገር ሰው ብዙ ጊዜ እምነቱን አጥብቆ የያዘው ነው። አንቺም ግድ ባይሰጥሽ ኖሮ 340 ገጽ እንቅልፍሽን አትሠዊለትም ነበር።

አንቺን የሚያሳምምሽ መጽሐፉ አይመስለኝም። እኔ የታየኝ ሌላ ነገር ነው። ሁለቱ ሥራዎችሽ ቦታ ተለዋውጠዋል። ዘጋቢ ፊልምሽ ውስጥ ያልሆነ ነገር ገባ። ልብ ወለድሽ ውስጥ ደግሞ በሕይወት ያለ ሰው ከነሳሉ ከነመነጽሩ ገባ። ፈጠራው ፊልሙ ውስጥ ነው ያለው፤ ዘገባው ልብ ወለዱ ውስጥ። እጅሽ የከበደሽም፣ እንቅልፍ የነሳሽም ይኸው ነው። ፊልሙን ልተወው ወይስ መጽሐፉን ከማለትሽ በፊት፣ ሁለቱን ወደየቤታቸው መልሻቸው።

ከፊልሙ ልጀምር፤ የሚያስቸኩለው እሱ ነውና።

እኔም ብዙ ዓመት በፊልም ቅንብር ሥራ ላይ አሳልፌያለሁ። አንድ ጊዜ ስለ ጸሎት ሕይወት የተቀረጸ ፊልም ሳቀናብር ነበር። አንዲት አዛውንት እናት ነበሩበት። ሲጸልዩ ፊታቸው ጸጥ ያለ ነው። ምንም አይነበብም። ለእኔ ደግሞ ስሜት ያስፈልገኝ ነበር። ሌላ ቀን ከተቀረጸ ምስል ላይ እንባ ያቀረረ ዓይናቸውን አገኘሁና ጸሎቱ መሀል አስገባሁት። ጥሩ ሆነ። ያየው ሁሉ ተነካ። ፊልሙ ከወጣ በኋላ እሳቸውም መጥተው አዩት። ሲያበቃ እጄን ያዝ አድርገው፣ «ልጄ፣ እዚህ ጋ እኮ አላለቀስኩም፤ ያን ቀን ዓይኔን አሞኝ ነው። እኔ ስጸልይ ደስ ነው የሚለኝ» አሉኝ። አልተቆጡም። ቢቆጡኝ ይሻል ነበር። ያ ጸጥ ያለ ፊት ደስታ ነበር ማለት ነው። እኔ ደስታን በዚያ መልክ አይቼው ስለማላውቅ አላወቅኩትም። የማውቀውን የጸሎት ሥዕል ፊታቸው ላይ ለጠፍኩት። ያቺ ሴት በሕይወታቸው አንድ ጊዜ ብቻ ፊልም ላይ ወጡ። በዚያችም እሳቸው አልነበሩም።

የአንቺን ሰውዬ እይው እስቲ። «ሕመሙ አሁንም አለ፤ ፍርሃቱ ግን ሄዷል።» ይህን ማንም ስክሪፕት ጸሐፊ አያመጣውም። ሕመምን ተሸክሞ መኖርን የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው እንዲህ የሚናገረው። ኃላፊው ያነሰ ምስክርነት መሰላቸው። እኔ ግን «ድኛለሁ» ከሚለው ይበልጥብኛል። ስንቱ ታማሚ አልጋው ላይ ሆኖ ያንን ዓረፍተ ነገር ቢሰማ «ይህስ ለእኔም ይሆናል» ይል ነበር!

ደግሞ ጉዳዩ የውበት ብቻ አይደለም። ያ ሰው አሁን ምን ላይ እንዳለ ታውቂያለሽ? በሺዎች ፊት «ድኛለሁ» ብሏል። ነገ መድኃኒቱን ሲውጥ ጎረቤት ያየዋል። ሕመሙ ሲጠናበት ለማን ይናገር? «እምነቱ ጎድሎ ነው» እንዳይባል ዝም ይላል። ያ ሄዷል ያለው ፍርሃት በእኛ ምክንያት ተመልሶ ሊመጣበት ይችላል። ተመሳሳይ ሕመም ያለበት ተመልካች ደግሞ ፊልምሽን አይቶ መድኃኒቱን ሊያቋርጥ ይችላል። በሥጋ ሕመም ላይ የሚሠራ መንፈሳዊ ፊልም ሠሪ ይህን ተመልካች አንድም ቀን ሊረሳው አይገባም።

ስለዚህ ዛሬውኑ ለሰውየው ደውዪ። ከኃላፊው በፊት እሱ ይቀድማል። ፊልሙን አታውሪ፤ መጀመሪያ ጤናውን ጠይቂው። ቀጥለሽ ያደረግሽውን በግልጽ ንገሪውና «አንተ ምን እንዲሆን ትፈልጋለህ?» በዪው። ምናልባት «ተዪው፣ ችግር የለም» ይልሽ ይሆናል። ምናልባት ይህን ጥያቄ ሲጠብቅ ከርሞ ይሆናል። የመጀመሪያው ቀረጻ በእጅሽ ካለ ሁለት ቦታ ገልብጠሽ አስቀምጪው። እሱ ከፈቀደ፣ ያንን ክፍል በመጀመሪያው ቃሉ ተክተሽ አዲስ ቅጂ አዘጋጂ። ከዚያ ወደ ኃላፊው ሂጂ። በአክብሮት ሂጂ፤ እሳቸውም ከበላያቸው ሰው ይኖራል፣ እሳቸውም ስለ ፊልሙ የሚጠየቁ ናቸው። «ይህ ሰው ያለው ይህንን ነው፤ የመጀመሪያው ቃሉ ይተካልኝ» በዪ። እምቢ ካሉ ጥያቄሽን በጽሑፍ አስቀምጪና ስምሽን ከፊልሙ ላይ እንዲያነሱት ጠይቂ። ከዚህ በላይ ኃይል የለሽም። ይህን ካደረግሽ ግን እጅሽ ይቀልሻል ብዬ አምናለሁ።

«ታዲያ ማስደገም ሁሉ ኃጢአት ነው?» ትይኝ ይሆናል። አይደለም። ዘጋቢ ፊልም ከልጅነቱ ጀምሮ አስደግሟል። አሜሪካዊው ፊልም ሠሪ ሮበርት ፍላኸርቲ እ.ኤ.አ. በ1922 ስለ አንድ የሰሜን ካናዳ አዳኝ ባወጣው የናኑክ ፊልም ላይ፣ የበረዶው ጎጆ ውስጥ ለካሜራና ለብርሃን የሚሆን ቦታ ስላልነበረ ግማሹ የተከፈተ ጎጆ አሠርቶ ነው ቤተሰቡን የቀረጸው። የዋናው ሰው እውነተኛ ስምም ናኑክ አልነበረም። ክርክሩ እስከ ዛሬ አለ። እኔ በግሌ በር ከፍቶ መግባትን ድገም ብሎ ማስደገም አያስጨንቀኝም። የሰውን መሐላ ማስደገም ግን ያስጨንቀኛል። ምስክርነት መሐላ ነው። ቃሉን አንቺ ከሰጠሽው፣ የመሰከርሽው አንቺ ነሽ።

አሁን ስለ አንድ ሰው ልንገርሽ። ከአንቺ ጋር በጣም ስለሚመሳሰል ደብዳቤሽን ሳነብ ወዲያው ትዝ ያለኝ እሱ ነው። ማልኮም ማገሪጅ ይባላል። እንግሊዛዊ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1903 ተወልዶ በ1990 ነው ያረፈው። ጋዜጠኛ ነበር፣ ልብ ወለድ ጸሐፊ ነበር፣ ዕድሜው ሲገፋ ደግሞ በቢቢሲ ስለ እምነት ዘጋቢ ፊልሞችን ያቀርብ ነበር። ሁለቱንም ሥራ በአንድ ሕይወት ያዘ። የሚገርመው ደግሞ አንቺ የገባሽባቸውን ሁለቱንም ጉድጓዶች አንድ በአንድ ገብቶባቸዋል።

የመጀመሪያው በልብ ወለድ ነው። በ1934 አንድ ልብ ወለድ አሳተመ። ታሪኩ የሚካሄደው በአንድ ጋዜጣ ዝግጅት ክፍል ውስጥ ነው። ጋዜጣው ቀደም ሲል እሱ ራሱ ተቀጥሮ የሠራበትን በጣም ይመስል ነበር፤ ሰዎቹም ይታወቃሉ። ጋዜጣው በስም ማጥፋት እንደሚከስ አስጠነቀቀ። መጽሐፉም ከገበያ ተሰበሰበ። ድጋሚ የታተመው ከ50 ዓመት በላይ ቆይቶ በ1987 ነው። ደራሲው ያኔ ከ80 ዓመት በላይ ነበር።

ሁለተኛው በፊልም ነው። በ1969 ስለ ማዘር ትሬዛ ፊልም ለመሥራት ከቢቢሲ ባልደረቦቹ ጋር ካልካታ ሄደ። ሊሞቱ የተቃረቡ ሰዎች የሚተኙበት ቤት በጣም ጨለማ ነበር። የካሜራ ባለሙያው ኬን ማክሚላን እዚያ መቅረጽ አይቻልም ብሎ ነበር። ሆኖም በትንሽ ብርሃን የሚቀርጽ አዲስ የመጣ የኮዳክ ጥሬ ፊልም ይዘው ስለነበር በሱ ሞከሩት። ፊልሙ ታጥቦ ሲታይ ክፍሉ በለስላሳ ብርሃን ተሞልቶ ወጣ። ማገሪጅ መለኮታዊ ብርሃን ነው አለ። ተአምር ነው ብሎ ተናገረ፣ ጻፈም። ማክሚላን ግን በኋላ ሲጠየቅ ምስጋናው የኮዳክ ነው አለ።

ይህን የምነግርሽ ማገሪጅን ለማሳነስ አይደለም። ያ ፊልም፣ እሱን ተከትሎ በ1971 የወጣው መጽሐፍም፣ ማዘር ትሬዛን ለብዙ ዓለም ያስተዋወቀ ነው። እሱ ራሱ በ1982 በ79 ዓመቱ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያንን ተቀላቀለ። ከልቡ ያመነ ሰው ነበር። ችግሩ የመጣው ከዚያው ከልብ ከማመኑ ነው። ማየት የሚፈልገውን ስላየ፣ አጠገቡ ያለውን ባለሙያ መጠየቅ አላስፈለገውም። በዚያ ቤት ውስጥ ደግሞ ብርሃኑን ትተሽ ብታዪው እንኳ ትልቅ ነገር እየተደረገ ነበር። ሰዎች ለሚሞቱ ሰዎች እጃቸውን ይዘረጉ ነበር። ያ በቂ ነበር። ሌላ ማስረጃ አይፈልግም ነበር። የአንቺ ሰውዬ ቃልም እንደዚያው በቂ ነበር።

እንግዲህ ወደ ልብ ወለዱ እንምጣ።

«ያንን ኃላፊ ነው የጻፍኩት» ብለሻል። ልጠይቅሽ፦ እኚህ ሰው ብቻቸውን ሲሆኑ መጸለይ እንዳቃታቸው በምን አወቅሽ? ነግረውሻል? አይመስለኝም። ሳላቸውን ሰምተሻል፣ መነጽራቸውን አይተሻል። ውስጣቸውን ግን አታውቂም። ታዲያ ያ ባዶነት ከየት መጣ? ከዚያ ቀረጻ ወዲህ እጁ የከበደው ሰው ማነው? ሕዝብ የወደደለትን ሥራ ሠርቶ ብቻውን ሲቀር የሚጨንቀው ማነው? እህቴ፣ ያ ሰባኪ አንቺ ነሽ ብዬ እጠረጥራለሁ። የራስሽን ጭንቀት የእሳቸውን መነጽር አድርገሽለት ነው የጻፍሽው።

ይህ ጥሩ ዜና ነው። መነጽሩን ብታወልቂው መጽሐፉ አይፈርስም ማለት ነው። ሳሉን አውጪው፣ አነጋገሩን ለውጪው፣ ዕድሜውን ለውጪው፣ ካስፈለገ ሴት አድርጊው። ያስተማሩሽን ሦስት አራት ሰዎች ቀላቅለሽ አንድ አዲስ ሰው ፍጠሪ። ውስጡን ግን ከራስሽ ስጪው። ያን ጊዜ በቀል ይወጣለታል። አሁን በላክሽልኝ ገጽ ውስጥ እንኳ ትንሽ በቀል አለ፤ አንባቢ ይሸተዋል። አንባቢ የቂም መጽሐፍ ሲያነብ ከደራሲው ይልቅ ለተሰደበው ሰው ማዘን ይጀምራል።

ስለ ብዕር ስም፦ ይቻላል፣ ነውርም አይደለም። ግን አንቺ ባሰብሽው መንገድ አይሸሽግሽም። ሳሉ ባለበት እስከቆየ ድረስ ባለ ሳሉ ሰውዬ ያውቅሻል። መግቢያው ላይ «ገጸ ባሕርያቱ ምናባዊ ናቸው» ብሎ መጻፍም፣ ሰው ሁሉ የሚለየውን ሰው ምናባዊ አያደርገውም። በአንጻሩ ሰባኪው እውነተኛ ፈጠራ ከሆነ የብዕር ስም የግድ አያስፈልግሽም። ቤተሰብሽን ለመጠበቅ ወይም ዝም ብለሽ በጸጥታ መሥራት ስለምትወጂ ከሆነ ግን ተጠቀሚበት። አሳታሚው እውነተኛ ስምሽን ይወቅ፤ ውሉም በእውነተኛ ስምሽ ይሁን።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ ልለምንሽ። በ11 ዓመት ውስጥ ስንት ሰው ቤቱን ከፍቶልሻል! ካሜራው ከጠፋ በኋላ የነገሩሽ ነገር አለ። ልጅ ስለሞተባት እናት፣ ከቤት ስለወጣ ባል፣ ለማንም ስላልተነገረ ኃጢአት። ይህ ለልብ ወለድ ጸሐፊ ትልቅ ሀብት ይመስላል። ያንቺ አይደለም። ለፊልም ሠሪዋ በአደራ የተሰጠ ነው፤ ሌሊት የምትጽፈዋ ሴት መጥታ ልትወስደው አትችልም። ከሰዎቹ የተማርሽውን ሰው የማወቅ ጥበብ ውሰጂ። ታሪካቸውን ከነዝርዝሩ ተዪላቸው። የእውነት የምትፈልጊው ካለ ሄደሽ ፈቃድ ጠይቂ።

አንድ ዓይነት ነገር ለሁለት ሥራ እንዴት እንደሚከፈል ማየት ከፈለግሽ የእንግሊዛዊውን ደራሲ የግራሃም ግሪንን ሁለት መጻሕፍት ጎን ለጎን አንብቢ። እ.ኤ.አ. በ1938 ግሪን ወደ ሜክሲኮ ሄደ። በዚያን ጊዜ በታባስኮና በቺያፓስ ግዛቶች የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ከባድ ስደት ደርሶባት ነበር። ሲመለስ በ1939 የጉዞ ዘገባ አሳተመ። ያየውን፣ የሰማውን፣ የተማረረበትን ሳይቀር በራሱ ድምፅ ጻፈ። እዚያ ውስጥ አንድ ትንሽ ነገር አለች። ስለ አንድ ሰካራም ቄስ ነገሩት። አንድ አባት ልጁን ሊያስጠምቅ ሲወስደው ቄሱ ሰክሮ፣ ወንዱን ልጅ ብሪጊታ ብዬ ነው የምሰይመው ብሎ ድርቅ አለ ይላል። ሌላ ሰው ቢሆን ስቆ ያልፋታል። ግሪን ግን ከሷ ተነስቶ በ1940 «ኃይልና ክብር» የተባለውን ልብ ወለድ ጻፈ። የሚሸሽ፣ የሚጠጣ፣ ልጅ የወለደ፣ ያም ሆኖ ሥራውን መተው ያልቻለ ቄስ ታሪክ ነው። የልብ ወለዱ ቄስ ያ የሰማለት ሰው አይደለም። ከዚያ ሰው የወሰደው ጥያቄውን ብቻ ነው፦ እንዲህ ያለ ሰው እጅ ላይ ጸጋ ይገኛል ወይ? በዘገባው ውስጥ የተፈጠረ ቄስ የለም። በልብ ወለዱ ውስጥ ደግሞ አንባቢ ጣት የሚቀስርበት ሰው የለም። ያልኩሽ «ወደየቤታቸው መልሻቸው» ማለት ይህ ነው።

መጽሐፉ ታዲያ ችግር አላጣም። በ1950ዎቹ መጀመሪያ የቫቲካን የእምነት ጉዳይ መሥሪያ ቤት ነቀፈው፤ እንዲስተካከልም ጠየቀ። ግሪን መብቱ በአሳታሚዎቹ እጅ ነው ብሎ ሳይለውጠው ቀረ። በኋላ ጳጳሱን ጳውሎስ 6ኛን ባገኛቸው ጊዜ መጽሐፉን እንዳነበቡት ነገሩት፤ ሥራዎችህ አንዳንድ ካቶሊኮችን ማስቀየማቸው አይቀርም፣ አንተ ግን አትጨነቅበት እንዳሉትም ይተርካል። አንቺንም ከቤተ እምነትሽ የሚቆጣሽ ይኖራል። ከዚያው ቤት ደግሞ መጽሐፍሽን ደብቆ የሚያነብና ሌሊት የሚያለቅስ ይኖራል። የመጀመሪያው ደውሎ ይነግርሻል። ሁለተኛው ላይነግርሽ ይችላል።

ሥራ ማጣቱስ? ይህን እውነተኛ ስጋት አላቃልለውም። ገቢሽ ሁሉ ከአንድ ቤት የሚመጣ ከሆነ፣ ልብ ወለድ ባትጽፊም አደጋ ላይ ነሽ። ማስተካከያ ስትጠየቂ «አይሆንም» ማለት ያቃተሽ አንዱ ምክንያት ይኸው ይመስለኛል። መጽሐፉን ከማውጣትሽ በፊት አንድ ዓመት ስጪው። በዚያ ዓመት ከቤተ እምነትሽ ውጭም ሥራ ያዢ። የትምህርት ፊልም ይሁን፣ የሠርግ ቀረጻ ይሁን፣ የሌላ ሰው ፊልም ማቀናበር ይሁን። የሚያሳፍር ሥራ አይደለም። መጽሐፍ ደግሞ ቶሎ ገንዘብ አያመጣም፤ ከሽያጩ ላይ እንደ ውሉ ትንሽ ትንሽ ነው የሚደርስሽ። ስለዚህ «ፊልሙን ትቼ ቁጭ ብዬ ልጻፍ» የሚለውን አሁን አትወስኚ።

ቀጣዩን መንፈሳዊ ፊልም ስትቀበዪ ደግሞ ውል ይኑርሽ። የመጨረሻውን ቅጂ የሚያጸድቀው ማን እንደሆነ ይጻፍ። ምስክሮች ምን እንደሚሉ እንደማይነገራቸው፣ ያሉትም እንደማይለወጥባቸው ይጻፍ። የተቀረጸው ሰው የራሱን ክፍል ፊልሙ ከመውጣቱ በፊት እንዲያይ አድርጊ። እኔ ያቺን እናት ቀድሜ ባሳያቸው ኖሮ ዛሬ ይህን ታሪክ አልነግርሽም ነበር። ፈቃድ ስትጠይቂም ለሰውዬው ጊዜ ስጪው። ጀርመናዊው ፊሊፕ ግሮኒንግ በፈረንሳይ ተራሮች ውስጥ ያለውን የግራንድ ሻርትረዝ ገዳም ለመቅረጽ እ.ኤ.አ. በ1984 ጠየቀ። መነኮሳቱ ገና ነን አሉት። መልሱ የመጣው ከ16 ዓመት በኋላ ነው። ሲፈቅዱለትም ብቻውን እንዲገባ፣ ተጨማሪ መብራት እንዳያመጣ፣ ሙዚቃና ትረካ እንዳይጨምር ተስማሙ። እሱም ለወራት አብሯቸው ኖሮ፣ ካሜራውንም ድምፁንም ራሱ ይዞ ቀረጸ። በ2005 የወጣው ፊልም ከሁለት ሰዓት ተኩል በላይ ነው፤ አብዛኛው ዝምታ ነው። አንቺ 16 ዓመት ጠብቂ አልልሽም። ግን አስቢው፤ «እምቢ፣ ገና ነን» የሚል ሰው ፊት ያንን ያህል መታገሥ የቻለ ፊልም ሠሪ፣ «ሕመሙ አሁንም አለ» የሚል ሰው ፊትም መታገሥ ይችላል።

እናትሽን ሰላም በዪልኝ። ምሳሌያቸው እውነት ነው፤ ግን አንቺ ሁለት ዛፍ ላይ አልወጣሽም። ሁለቱም ሥራዎችሽ የሰው ልጅ በአምላኩ ፊት ብቻውን ሲቆም ምን እንደሚመስል ነው የሚጠይቁት። እሳቸው የፈሩት ምሳሌውን ሳይሆን አንቺ እንዳትጎጂ መሰለኝ። የመጀመሪያዋ አንባቢሽ ይሁኑ። መነጽሩን ካወለቅሽለት በኋላ ጮክ ብለሽ አንብቢላቸው።

አሁን ወደ ላክሽልኝ ገጽ። ሰባኪው አዳራሹ ባዶ ከሆነ በኋላ ተመልሶ ይመጣል። ማይክራፎኑን አብርቶ «ሃሎ፣ ሃሎ» ይላል። ድምፁ አዳራሹን ሞልቶ ይመለስለታል። ከዚያ ያጠፋውና በባዶ ድምፁ አንድ ቃል ለመናገር ይሞክራል። አልወጣ ይለዋል። የወንበሮቹን መደዳ መቁጠር ይጀምራል። እስከዚህ ድረስ ትንፋሼን ይዤ ነው ያነበብኩት። 11 ዓመት ባዶ አዳራሽ ውስጥ ድምፅ የሞከረ ሰው ብቻ ነው እንዲህ የሚጽፈው። ከዚያ በታች ግን ሦስት መስመር ጨምረሻል። እዚያ ላይ ሰባኪው «ሰውን ደስ ለማሰኘት ስሮጥ አምላኬን ረሳሁ» ብሎ ይገነዘባል። እነዚያን ሦስት መስመሮች አውጪያቸው። ልክ እንደ ኃላፊው «ድኛለሁ ይበል» እያልሽው ነው። ሰውዬው ገና አልተገነዘበም፤ ወንበር እየቆጠረ ነው። እየቆጠረ ተዪው።